ጦር ሜዳ መካከል የተገኘ ገዳም፣ መስጊድ ወይም ሐውልት፦ አዛዡ ሊተወው ይገባል? እንዴትስ ይተወዋል?

አድባር (ጠያቂ)፦

ጤና ይስጥልኝ። ይህ ክርክር ጦርነት በተነሳ ቁጥር ይነሳና ሁለት ጎራ ተይዞ እዚያው ይቆማል። አንዱ «ከድንጋይ የሰው ነፍስ ይበልጣል» ይላል፤ ሌላው «ቅርሱን ያጣ ሕዝብ ምን ይቀረዋል» ይላል። ሁለቱም እውነት አላቸው። ነገር ግን ከገዳም ግንብ ላይ እየተተኮሰበት ላለ አዛዥ ሁለቱም ምን ማድረግ እንዳለበት አይነግሩትም።

እኔ የምፈልገው ነገሩን በተግባር የምታውቁ እንድታስረዱ ነው። ሕጉ ምን ይላል? ውሳኔውስ የማን ነው? ጠላት ቅርሱ ውስጥ ከገባ ጥበቃው ወዲያው ይቀራል? ቅርስን መተው በእርግጥ የወታደር ሕይወት ያስከፍላል ወይስ እንዲሁ በልማድ የሚባል ነው? ቄሰ ገበዙ፣ ኢማሙ ወይም የሙዚየም ኃላፊው ደግሞ ተኩሱ ከመቅረቡ በፊት ምን ሊያደርጉ ይችላሉ? የትኛው ወገን ምን አደረገ የሚለውን ንትርክ ለሌላ ቀን ብናቆየው ደስ ይለኛል።

ሕገ ጦር፦

ዓመቱንም ወሩንም ቀኑንም በሙሉ እ.ኤ.አ. እንጻፍ።

መሠረቱ በጦርነት ጊዜ ቅርስን ለመጠበቅ የወጣው የ1954ቱ የሄግ ስምምነት ነው። አንቀጽ 4 ሁለት ግዴታ ይጥላል፤ ሰው የሚሰማው ግን አንዱን ብቻ ነው። የመጀመሪያው ቅርስን አለማጥቃት ነው። ሁለተኛው ደግሞ ቅርሱንም ሆነ ዙሪያውን ለአደጋ በሚያጋልጥ መንገድ አለመጠቀም ነው። ስለዚህ ደወል ቤት ላይ መትረየስ የጠመደው ወገን፣ ገና ማንም መልሶ ሳይተኩስበት ሕጉን ጥሷል። ይህን ማስመር ያስፈልጋል፤ ምክንያቱም አብዛኛው ጥፋት የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው።

የ1954ቱ ሰነድ ድክመት «አስገዳጅ ወታደራዊ አስፈላጊነት» ካለ ግዴታው ይነሳል ማለቱና አስገዳጅ የሚባለው ምን እንደሆነ አለመናገሩ ነው። ቀዳዳውን ያጠበበው በ1999 የወጣው ሁለተኛው ፕሮቶኮል ነው። በአንቀጽ 6 መሠረት ቅርስን ማጥቃት የሚቻለው በአገልግሎቱ ወታደራዊ ዒላማ ሆኖ ሲገኝና ተመሳሳይ ጥቅም የሚያስገኝ ሌላ አማራጭ ሲጠፋ ብቻ ነው። ውሳኔውም የሻለቃ ጦር ወይም ከዚያ በላይ የሚያዝ መኮንን ነው፤ ሁኔታው ፈጽሞ ካልፈቀደ ብቻ ወደ ታች ይወርዳል። ጊዜ ካለ ደግሞ አስቀድሞ ማስጠንቀቂያ መሰጠት አለበት። ይህ የደረጃ ጉዳይ ትልቅ ነገር ነው፤ የመቶ አለቃው በንዴት መድፍ ጥሪ እንዳያደርግ ያግደዋል።

የእርስ በርስ ጦርነትም ከዚህ አያመልጥም። ኢትዮጵያ በ1994 የተቀበለችው የጄኔቫ ስምምነቶች ሁለተኛ ተጨማሪ ፕሮቶኮል በአንቀጽ 16 ታሪካዊ ሐውልቶችንና የአምልኮ ቦታዎችን ማጥቃትንም ለጦር ሥራ ማዋልንም ይከለክላል።

ጠላት ከገባ ጥበቃው ይቀራል ወይ ላሉት፣ መልሱ «በራሱ አይቀርም» ነው። በ1991 የባሕረ ሰላጤው ጦርነት ኢራቅ ሁለት ተዋጊ አውሮፕላኖችን ከጥንታዊው የዑር ቤተ መቅደስ አጠገብ አቆመች። የአሜሪካ አዛዦች አውሮፕላኖቹን ሳይመቱ ተዋቸው። ምክንያታቸው የሒሳብ ነበር፦ መንደርደሪያም የጥገና መሣሪያም የሌለው አውሮፕላን ሊነሳ ስለማይችል ቀድሞውኑ ከጦርነቱ ወጥቷል። ዒላማ ሊባል የሚችል ነገር ነበር፤ መምታቱ የሚያስገኘው ጥቅም ግን አልነበረም። በ2011 ሊቢያ ውስጥ ደግሞ ራስ አልመርገብ በተባለ ቦታ ከሮማውያን ምሽግ ሥር የቆሙ የራዳር ተሽከርካሪዎች ዒላማን ለይቶ በሚመታ መሣሪያ ተመቱ፤ ጥንታዊው ግንብ ከፍንጣሪ ጭረት በቀር ቆሞ ቀረ። ይህ የተቻለው የአርኪዮሎጂ ባለሙያዎች የቦታዎቹን ዝርዝር አስቀድመው ስላደረሱ ነው።

አንድ ነገር ልጨምር፤ «ቤተ ክርስቲያኑን አላነጣጠርንበትም» የሚለውን ሰበብ አልቀበለውም። ያልተመራ፣ ማለትም ከተተኮሰ በኋላ አቅጣጫው የማይስተካከል፣ የ155 ሚሊ ሜትር መድፍ ከሃያ ኪሎ ሜትር በላይ ሲተኮስ ስህተቱ መቶ ሜትርን ይሻገራል። ዒላማው ከመስጊዱ ሰማንያ ሜትር ርቆ ከሆነ፣ በዚያ ርቀት በዚያ መድፍ መተኮስ መስጊዱን እንደ መተኮስ ይቆጠራል። አማራጩ ጠጋ ብሎ ቀጥታ መተኮስ ወይም አነስ ያለ የተመራ መሣሪያ መጠቀም ነው። ግንቡ ላይ ያለው ተመልካች ብቻ ከሆነ ደግሞ በጭስ ዓይኑን መሸፈንና በሌላ አቅጣጫ ማለፍ ይቻላል። የጭሱም ዓይነት ይታይ፦ ነጭ ፎስፈረስ የሣር ክዳንና የእንጨት ጣራ ላይ ከወደቀ ያነዳል።

ነፍስ ይቀድማል፦

አክብሮቴ እንዳለ ሆኖ፣ ከላይ ያለው ጽሑፍ ነገሩን ቀላል ያስመስለዋል። የተመራ መሣሪያ የሌለው ሠራዊት ምን ያድርግ? አብዛኛው የዓለም ሠራዊት ያለው ያረጀ መድፍና ሞርታር ነው። «ጠጋ ብለህ ተኩስ» ሲባል እግረኛው ሁለት መቶ ሜትር ገላጣ ሜዳ አቋርጦ ይሂድ ማለት ነው። የዚያ ልጅ እናት ፊት ቆሞ «ግድግዳው የአሥራ አምስተኛው ክፍለ ዘመን ስለሆነ ነው» የሚል አዛዥ የለም፤ ሊኖርም አይገባም።

ሁለተኛ፣ ጥበቃው ፍጹም ከሆነ ገዳሙ የመጀመሪያው ምሽግ ይሆናል። ሕግ የማያከብረው ወገን ሕግ በሚያከብረው ላይ ብልጫ ያገኛል። በቦስኒያ፣ በሞስታር ከተማ የነበረውን ጥንታዊ ድልድይ አስቡ። በኅዳር 1993 በክሮአት ኃይሎች የታንክ ተኩስ ወንዝ ውስጥ ወደቀ፤ ዓለም ሁሉ አለቀሰ። ሆኖም የዩጎዝላቪያው ዓለም አቀፍ ፍርድ ቤት ይግባኝ ሰሚ ችሎት በ2017 ድልድዩ በወቅቱ ወታደራዊ ዒላማ ነበር ብሎ በዚያ ክስ የተሰጠውን ጥፋተኝነት ሻረው። ተዋጊዎች ስንቅና ጥይት ያሻግሩበት ነበርና። ሕጉ ራሱ «አንዳንዴ ይወድቃል» ይላል ማለት ነው። ይህን ሳይናገሩ ስለ ቅርስ ጥበቃ ማውራት ሰውን ማታለል ነው።

ታሪክ ወዳድ፦

የሞስታሩ ነጥብ ትክክል ነው፤ ሕጉ ፍጹም ጥበቃ አይሰጥም። ነገር ግን «ቅርሱን ካላፈረስን ልጆቻችን ያልቃሉ» የሚለው ስሌት ሲመረመር ብዙ ጊዜ አይቆምም። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጣሊያን ውስጥ የተደበደበው የሞንቴ ካሲኖ ገዳም ለዚህ ከሁሉም የተሻለ ማሳያ ስለሆነ ትንሽ ልዘርዝረው።

ገዳሙ በ529 የተመሠረተ፣ ከተራራ አናት ላይ የተቀመጠ፣ ወደ ሮም የሚወስደውን ሸለቆ ቁልቁል የሚያይ ነው። ጀርመኖች የመከላከያ መስመራቸውን በተራራው ላይ ዘረጉ፤ ገዳሙ ውስጥ ግን ወታደር አላሰፈሩም ነበር። ከታች ያሉት የተባበሩት ኃይሎች ወታደሮች ግንቡን ቀና ብለው ባዩ ቁጥር ዓይን የሚያያቸው ይመስላቸዋል። እዚያ የሚዋጋውን ኮር የሚያዘው ጄኔራል ፍራይበርግ ይደብደብ ብሎ ጠየቀ፤ የበላዩ ጄኔራል ክላርክ አልወደደውም፤ የሁለቱም የበላይ ጄኔራል አሌክሳንደር ፈቀደ። የካቲት 15 ቀን 1944፣ ከ140 በላይ ቢ-17 ከባድ ቦምብ ጣዮችና ተከትለው የመጡ መካከለኛ አውሮፕላኖች ከ1,000 ቶን በላይ ቦምብ አወረዱበት። ውስጡ ተጠልለው ከነበሩት ሲቪሎች ብዙዎቹ አለቁ።

አሁን ወታደራዊውን ውጤት ተመልከቱ። የአየር ድብደባው ቀን የተቆረጠው በአየር ጠባይ ነው፤ እግረኛው ገና አልተዘጋጀም ነበር። በዚያ ሌሊት የወጣው አንድ የመቶ ጦር ብቻ ነው። የአራተኛው የሕንድ ክፍለ ጦር ዋና ጥቃት የተደረገው ከሁለት ቀን በኋላ ነበር፤ እሱም ከሸፈ። በመሃሉ የጀርመን አየር ወለዶች ፍርስራሹ ውስጥ ገቡ። ቆሞ ያለ ሕንፃ መስኮቱና በሩ ይታወቃል፤ የተቆለለ ድንጋይ ግን በየጉድጓዱ መትረየስ ይደበቅበታል፣ ምድር ቤቱም ከላይ ሦስትና አራት ሜትር ፍርስራሽ ሲጫንበት ለመድፍ የማይበገር መጠለያ ይሆናል። ተራራው የተያዘው ግንቦት 18 ነው፤ ሦስት ወር ከሦስት ቀን በኋላ። ገዳሙን ማፍረስ የወታደሮቹን ሕይወት አላዳነም።

የሚገርመው የተባበሩት ኃይሎች የበላይ አዛዥ የነበረው ጄኔራል አይዘንሃወር ከድብደባው ሁለት ወር ሳይሞላ ቀደም ብሎ፣ በታኅሣሥ 29 ቀን 1943 ለአዛዦቹ ባወጣው መመሪያ ይህንኑ አስጠንቅቆ ነበር። ታዋቂ ሕንፃና የራሳችን ሰዎች ሕይወት ምርጫ ከሆኑ ሰዎቻችን ይበልጣሉ አለ፤ «ነፍስ ይቀድማል» እንዳለው ማለት ነው። ቀጥሎ ግን ወታደራዊ አስፈላጊነት የሚለው ቃል አንዳንዴ ለወታደራዊ ምቾት፣ አልፎም ለግል ምቾት መሸፈኛ እንደሚሆንና ይህን እንደማይታገሥ ጻፈ። አንድ አዛዥ ራሱን ሊጠይቅ የሚገባው ይህንን ነው፦ ይህን ሕንፃ ባፈርስ ነገ ጠዋት ማን ይይዘዋል? እግረኛዬ ደርሶ ለመያዝ ተዘጋጅቷል? ካልተዘጋጀ የሚያፈርሰው ለጠላት ምሽግ ለመሥራት ነው።

ብራና ጠጋኝ፦

ስለ ቦምብ ብዙ ተባለ። ቅርስ የሚጠፋው ግን በቦምብ ብቻ አይደለም፤ ሠራዊት ሰፍሮበት፣ ጥበቃ ሳይቆምለት፣ ተዘርፎም ይጠፋል። ባቢሎን አንድም ቦምብ ሳይወድቅባት በ2003 እና 2004 የአሜሪካና የፖላንድ ጦር ሰፈር በመሆኗ ብቻ ተጎዳች። ርዝመቱ 170 ሜትር የሚደርስ ቦይ በጥንታዊው አፈር ውስጥ ተቆፈረ፤ ጆንያዎች ሸክላና አጥንት በተቀላቀለበት ጥንታዊ አፈር ተሞሉ፤ ከሌላ ቦታ የመጣ ጠጠር ተደልድሎ ቦታው ተበከለ፤ የሰልፍ መንገዱ ጥንታዊ ጡብ በከባድ ተሽከርካሪ ጎማ ተሰባበረ። ከእነዚህ አንዱም ጠላትን ለመጉዳት የተደረገ አይደለም። ሰፈሩን አምስት ኪሎ ሜትር ማራቅ ብቻ ይበቃ ነበር።

የባግዳድ ሙዚየም ደግሞ በሚያዝያ 2003 ለሦስት ቀን ያህል ጠባቂ አጥቶ 15,000 ያህል ዕቃ ተዘረፈ። የተረፈው ለምን ተረፈ? ሠራተኞቹ ከጦርነቱ በፊት ከ8,000 በላይ ዕቃዎችን በምሥጢር ቦታ ስለሸሸጉ ነው። መቅደላን የሚያውቅ አማርኛ አንባቢ ይህን ማስረዳት አያስፈልገውም፤ በ1868 ከአሥራ አምስት ዝሆንና ሁለት መቶ ያህል በቅሎ ጭነት ጋር የሄደው ብራና አሁን ለንደን ነው።

ወደ ተግባሩ ልሂድ፤ በተለይ ዕቃ ቤት ላላቸው አብያተ ክርስቲያናትና ገዳማት።

ከሁሉ በፊት መዝገብ ይኑር። ለእያንዳንዱ ብራና የመጀመሪያውን ገጽ፣ የመጨረሻውን ገጽ፣ ሥዕሎቹንና የባለቤትነት ጽሑፍ ያለበትን ገጽ ከማስመሪያ ጋር ፎቶ አንሡ። ቁመት፣ ስፋት፣ ውፍረትና የቅጠሉ ብዛት ይጻፍ። ለመስቀልና ለጽዋ ደግሞ ልዩ ምልክት የሚሆነውን፣ የተሸረፈ ጫፍ ይሁን የተበየደ እጀታ፣ በቅርብ አንሡ፤ የተሰረቀ ዕቃ ጨረታ ላይ ሲወጣ ባለቤትነት የሚረጋገጠው በእሱ ነው። መዝገቡ በሁለት ቅጂ ይሁን፤ አንዱ እዚያው፣ ሌላው በሀገረ ስብከቱ። ፌስቡክ ላይ አይለጠፍ፤ ለሌባ የገበያ ዝርዝር መስጠት ነው።

ዕቃው የሚታሸገው እንዲህ ነው። ብራናውን ከማኅደሩ ጋር፣ ማኅደር ከሌለው ታጥቦ በደረቀ አቡጀዲ ጠቅልሉት። በፌስታል ወይም በፕላስቲክ አጥብቆ ማሰር የተለመደ ስህተት ነው፤ ብራና እርጥበት ይተነፍሳል፣ ታፍኖ ከቆየ ይሻግታል። በሳጥን ውስጥ ትልቁ ከታች፣ ትንሹ ከላይ ሆኖ በጀርባው ተኝቶ ይቀመጥ፤ ከሦስት በላይ አይደራረብ። ቁጥሩን በእርሳስ በተጻፈ ወረቀት መሃሉ አድርጉ እንጂ ብራናው ላይ በእስክሪብቶ አትጻፉ። ሳጥኑ ሁለት ሰው በቀላሉ የሚያነሣው ይሁን፣ ከውጭ ቁጥር ብቻ ይጻፍበት፣ ከወለሉ በጣውላ ከፍ ይበል። ታቦቱን የሚነካው ካህን ብቻ ስለሆነ ማን እንደሚይዝና እሱ ባይኖር ማን እንደሚተካው አስቀድሞ ይወሰን፤ ይህ በመጨረሻው ሰዓት ሲታሰብ ሁሉም ነገር ይቆማል።

ማንቀሳቀስ ሁልጊዜ የተሻለ አይደለም። መንገዱ ከተዘጋ በኋላ ቅርስ የጫነ መኪና የሽፍታ ሲሳይ ነው። የሚሄድበት ቦታ ካለበት የበለጠ አስተማማኝ ካልሆነ እዚያው መሸሸግ ይሻላል።

የማይንቀሳቀሰውን በተመለከተ፣ ጆንያ ስትደረድሩ ግድግዳውን አስደግፋችሁ አትከምሩ። ቢያንስ አንድ ክንድ ያህል ክፍተት ይኑር፤ አለበለዚያ ክብደቱ ግድግዳውን ይገፋል፣ እርጥበቱም ሥዕሉን ያነሣዋል። ጆንያው ሁለት ሦስተኛ ያህል ብቻ ይሞላ፣ እንደ ጡብ እያነባበራችሁ ደርድሩት፣ ግርጌው ይስፋ። አሸዋው ደረቅና ጨው የሌለበት ይሁን፤ ከግቢው የተቆፈረ አፈር በፍጹም አይሁን። የፕላስቲክ ክር ጆንያ ፀሐይ ላይ በጥቂት ወራት ይበጣጠሳል፤ ሸራ አልብሱት። ሚላኖ ውስጥ «የመጨረሻው እራት» የተሣለበት ግድግዳ በነሐሴ 1943 ጣራውና የጎን ግድግዳው በቦምብ ሲፈርሱ ቆሞ የቀረው በጆንያና በእንጨት ድጋፍ ስለተያዘ ነው።

የጣና ዓይነቶቹ የጭቃና የእንጨት አብያተ ክርስቲያናት ዋና ጠላታቸው እሳት ነው። በዙሪያው ያለው ደረቅ ሣር ይታጨድ፣ ውሃ የሞላ በርሜልና የአሸዋ ባልዲ በየአቅጣጫው ይቀመጥ። በጭቃ ግድግዳ ላይ የተለጠፈ ሥዕል በሸራ ላይ ያለ ነው ተብሎ በጥድፊያ አይላጥ፤ ይበጣጠሳል። ከፊቱ አቡጀዲ ጋርዱለትና ጣውላ በርቀት አቁሙለት።

አድባር (ጠያቂ)፦

እግዚአብሔር ይስጥልኝ፣ ከጠበቅሁት በላይ ነው። ሁለት ነገር ቀረኝ። ሰማያዊና ነጭ የጋሻ ምልክት አለ ይባላል፤ ገዳሙ ራሱ ጣራው ላይ ቢቀባው ይጠብቀዋል ወይስ «እዚህ ውድ ነገር አለ» ብሎ ይጠራበታል? ደግሞ እንደ ላሊበላ ያለው ከአንድ አለት የተፈለፈለ ቢመታ እንደ ሞስታሩ መልሶ መገንባት ይቻላል?

ሕገ ጦር፦

ምልክቱን ማንም ተነሥቶ መቀባት አይችልም። በ1954ቱ ስምምነት አንቀጽ 17 መሠረት ቋሚ ሕንፃ ላይ ሲደረግ ሥልጣን ያለው አካል የፈረመበትና ቀን የተጻፈበት ፈቃድ አብሮ መለጠፍ አለበት። የፈቃዱ ጥያቄ ለእኛ አገር በቅርስ ባለሥልጣኑ በኩል ነው የሚሄደው። አንዱ ጋሻ አጠቃላይ ጥበቃን ያሳያል፤ ሦስቱ በሦስት ማዕዘን ሲደረደሩ ልዩ ጥበቃን።

ይጠራበታል ወይ ላሉት፣ ሥጋቱ እውነት ነው። በክሮኤሺያ ያለው የዱብሮቭኒክ አሮጌ ከተማ የዓለም ቅርስ ነበር፣ የዩኔስኮ ሰንደቅም ተሰቅሎበት ነበር፤ በታኅሣሥ 6 ቀን 1991 ግን ተደበደበ። ምልክቱ ጥፋቱን አላስቀረም። ያስቀረው ሌላ ነገር ነው፦ «አላወቅንም ነበር» የሚለውን መከላከያ። የዩጎዝላቪያ የባሕር ኃይል አዛዡ ሚዮድራግ ዮኪች ጥፋቱን አምኖ በ2004 ሰባት ዓመት ተፈረደበት። በማሊ የቲምቡክቱን የቅዱሳን መቃብሮች ያስፈረሰው አልማህዲም በ2016 በዓለም አቀፉ የወንጀል ፍርድ ቤት ዘጠኝ ዓመት ተፈርዶበታል። እንግዲህ የሚወሰነው በሚዋጋው ኃይል ዓይነት ነው፤ የሚጠየቅ አዛዥ ያለው ሠራዊት ከሆነ ምልክቱ ይጠቅማል፣ ቅርስ ማፍረስን እንደ ድል ለሚቆጥር ቡድን ግን ምልክት አይደረግም።

ከምልክቱ ይልቅ የሚሠራው በካርታ ላይ ቦታውን የሚያሳየው የመጋጠሚያ ቁጥር (ጂፒኤስ) ነው፤ ለሁለቱም ወገን፣ በገለልተኛ አካል በኩል፣ በጽሑፍ። የግቢው አራቱም ማዕዘን ይሰጥ እንጂ የመቅደሱ መሃል ብቻ አይበቃም። ስም ብቻ መላክም ከንቱ ነው፦ በአንድ ወረዳ ውስጥ ሦስትና አራት ቅድስት ማርያም ይኖራል። ሰሜኑና ምሥራቁ ቁጥር ተቀያይሮ እንዳይጻፍ ሁለተኛ ሰው በካርታ ላይ ያረጋግጠው።

የማጠራን ሐውልትም ሳልጠቅስ ማለፍ አልፈልግም፤ በእኛው ጦርነት የተፈረደ ጉዳይ ነው። ኤርትራ ውስጥ ሰንዓፈ አጠገብ ያለው ይህ የግዕዝ ጽሑፍ ያለበት ሐውልት በግንቦት 2000 መጨረሻ፣ ቦታው በኢትዮጵያ ጦር በተያዘበት ጊዜ፣ ግርጌው ላይ በተጠመደ ፈንጂ ተመታ። የኢትዮጵያና የኤርትራ የካሣ ኮሚሽን በ2004 ባለሥልጣናት ማዘዛቸውን የሚያሳይ ማስረጃ አላገኘም፤ ቦታውን የያዘ ኃይል የመጠበቅ ግዴታ ስላለበት ግን ኢትዮጵያን ተጠያቂ አደረገ፣ በ2009ም 50,000 ዶላር ካሣ ወሰነ። ለአዛዦች ትምህርቱ ግልጽ ነው፦ «እኔ አላዘዝሁም» አይበቃም፤ ሰፈር ባደረጉበት ቦታ ሐውልት ካለ ዘብ ማቆም ግዴታ ነው።

ነፍስ ይቀድማል፦

የማጠራውን እቀበላለሁ። ውጊያው ካለፈ በኋላ ለሚፈጸም ጥፋት ምንም ሰበብ የለም፤ የእኔ ክርክር ተኩሱ መካከል ስላለው ሰው ነው።

ድንጋይ ጠራቢ፦

ለሁለተኛው ጥያቄ፦ አይቻልም። የሞስታር ድልድይ ተነጣጥሎ የተቀመጠ ጥርብ ድንጋይ ስለነበር በዚያው አካባቢ ድንጋይ ተጠርቦ በ2004 ተመልሶ ቆመ። የላሊበላ ቤተ ጊዮርጊስ ግን ጣራው፣ ግድግዳውና ወለሉ አንድ አለት ነው። ዓምዱ ከተሰበረ አውጥቶ የሚተካ ድንጋይ የለም፤ የሚቻለው መደገፍና ማሰር ብቻ ነው። አለቱም የእሳተ ገሞራ ድንጋይ ሆኖ ለስላሳና ቀድሞውኑ ስንጥቅ ያለበት ስለሆነ፣ አጠገቡ የሚፈነዳ ነገር ባይነካው እንኳ ንዝረቱ ስንጥቁን ያሰፋዋል፤ በዚያ የሚገባ የክረምት ውሃ ሥራውን ይጨርሳል። ለዚህ ነው እንዲህ ላለ ቦታ ከባድ መሣሪያ በሩቅ ማቆም ብቻ የሚሠራው።

የተገነባው ዓይነት ከፈረሰ ግን ከመጀመሪያው ሳምንት የሚደረገው ወሳኝ ነው። መጀመሪያ ያልፈነዳ ጥይት የሚፈትሽ ባለሙያ ይግባ፤ ከእሱ በፊት ማንም። ከዚያ ድንጋዮቹ የወደቁበትን ቦታ ሳይለቁ ከአራት አቅጣጫ ፎቶ ይነሡ፤ የወደቁበት ቅደም ተከተል የትኛው ከየትኛው በላይ እንደነበር ይናገራል። ቅርጽ ያለውን ሁሉ በኖራ ቁጥር ጽፋችሁ በሸራ ሥር በጣውላ ላይ ደርድሩ። የእንጨት ስባሪ፣ የተቃጠለም ቢሆን፣ አይጣል፤ የመጋጠሚያው አቆራረጥ ለጠጋኙ ያስፈልገዋል። ቆሞ የቀረውን ግድግዳ በባሕር ዛፍ ደግፉ፤ በድጋፉና በግድግዳው መካከል ጣውላ ይግባ፣ ጫፉ ልስኑን እንዳይወጋ። ስንጥቁን በሲሚንቶ መድፈን ግን የለም፤ ሲሚንቶ ከለስላሳ ድንጋይና ከኖራ ጋር አይስማማም፣ ውሃውን ውስጥ ይቆልፈዋል። ግሬደር አምጥቶ «ግቢውን እናጽዳ» የሚል በጎ ፈቃደኛ ሁልጊዜ ይመጣል፤ እሱን አመስግናችሁ አጥር እንዲያጥር አሰማሩት።